«ለመርፌው ስንት ነው?» ስለ እንስሳት ሐኪምነት የሚባለውና እውነታው

ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ሥራዬን ከጠየቀኝ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «የእንስሳት ሐኪም ነኝ» እላለሁ። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ወይ ይስቃል፣ ወይ ደግሞ «ቤት ውሻ አለኝ፣ ምግብ እምቢ ካለ ሁለት ቀኑ ነው» ይላል። እስካሁን ሦስተኛ መልስ አልገጠመኝም። ስለዚህ በየታክሲው፣ በየሰርጉና በየለቅሶው የሰማኋቸውን አባባሎች ሰብስቤ ልመልስ።

«እናንተ እኮ መርፌ ወጊዎች ናችሁ»

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወረዳ እያለሁ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው፣ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። «ዶክተር ልጄ፣ ጊደሯ ከመሸ ጀምሮ ታምጣለች። አልወጣላትም።»

ስንደርስ ጊደሯ ተኝታለች። የመጀመሪያዋ ነው። በፈረንጅ ዘር ስለተዳቀለች ጥጃው ትልቅ ነው። ሁለት የፊት እግር ይታያል፣ ጭንቅላት ግን የለም። ክንዴን እስከ ትከሻዬ በሳሙና አሽቼ አስገባሁ። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ተጣጥፎ ጎድኑ ላይ ተኝቷል። ጎረቤቶቹ እግሩን በገመድ አስረው ለመጎተት ተዘጋጅተው ነበር። ጎትተውት ቢሆን ላሟም ጥጃውም አብረው ያልቁ ነበር። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ወደ ውስጥ መመለስ ነው። እሷ ስታምጥ ክንዴ ከዳሌ አጥንቷ ጋር ይጣበቃል፣ ስታርፍ እገፋለሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው የማን እንደሆኑ ጠፋኝ። ብቻ መንጋጋውን አገኘሁት፣ አዞርኩት፣ ወጣ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ጥጃው መሬት ሲነካ አይተነፍስም። አፍንጫውን በገለባ ስነካካው አነጠሰ።

ሽማግሌው ቆመው መረቁኝ። በኋላ ሊሸኙኝ ሲወጡ «ለመርፌው ስንት ነው?» አሉ።

«መርፌ እኮ አልወጋኋትም አባባ።»

«እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ።»

በእሳቸው አልፈርድም። የእንስሳት ሕክምና እኛ ዘንድ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ሥራ ብቻ ነበር። ምርመራው በነጻ ነው፣ ምክሩ በነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠየቀው ለመድኃኒቱ ነው። ሰው የለመደው ለጠርሙሱ መክፈል ነው። ለእጅና ለጭንቅላት መክፈል የሚባል ነገር አልነበረም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ከታች ትመለሳለች። የዚህ ሙያ ጣጣ ግማሹ ከእሷ ነው የሚመጣው።

ለማንኛውም ትምህርቱ 6 ዓመት ነው። የሰው ሐኪም የሚያክመው አንድ ፍጥረት ነው። እኛ ከዶሮ እስከ ግመል ነን። የላም ሆድ አራት ክፍል አለው፣ ፈረስ ማስመለስ አይችልም፣ ለሰው ራስ ምታት የሚሰጥ ፓራሲታሞል ግማሿ ክኒን ድመት ልትገድል ትችላለች። ታካሚው ደግሞ «እዚህ ጋ ያመኛል» አይልም። ይራገጣል።

«ነጥብ ያልመጣለት የሚመደብበት ነው»

ይሄን ቶሎ ልለፈው። ብዙዎቻችን ፎርም ስንሞላ አንደኛ ያደረግነው የሰው ሕክምናን ነበር፣ አልዋሽም። ተመድበን ነው የገባነው። ግን ተመድቦ የገባ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሙያው ትምህርት ቤቶች ጥቂት ስለሆኑ ለመግባት ያለው ፉክክር ከባድ ነው። ዲፓርትመንቱን የሚያስንቀው የአገሩ ልማድ ነው።

«የሰው ጤና ለሰው ሐኪም፣ የከብቱን ለከብት ሐኪም»

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉትን ዘመን አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ያለው ረሀብ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የዝናብ እጥረትና አንበጣ ነበረበት። የጀመረው ግን ከከብት ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው በሽታ ገባ። (ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፣ ደስታስ አልነበረበትም።) ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። እርሻ ከሌለ እህል የለም። ሰው መሬቱ ላይ ቆሞ ተራበ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በዶማ እንዲቆፍር ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ እንደያዙ ተጽፏል።

ይኸው በሽታ ነው አውሮፓንም ያንበረከከው። በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 ፈረንሳይ፣ ሊዮን ውስጥ ሲቋቋም አንዱ ዋና ምክንያት እሱ ነበር። እኛም ጋ የሙያው ታሪክ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በ1964 ተቋቁሞ ክትባት ማምረት ጀመረ። በ1979 ደግሞ እዚያው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ አንድ ኢትዮጵያዊ የእንስሳት ዶክተር ለመሆን ባሕር መሻገር ነበረበት።

የደስታ መጨረሻው አፋር ላይ ነው። ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፣ አፋር በረሃ ነው፣ መኪና የማይደርስበት መንደር ብዙ ነው። መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሙቀት የሚችል፣ ያለ በረዶ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተገኘ። ሁለተኛ፣ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ከመካከላቸው ሰው መርጠው ሰጡ፤ እነሱ ሠልጥነው በእግራቸው እየሄዱ ከተቡ። አገራችን ውስጥ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ጨርሰው የጠፉ በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የሰው ፈንጣጣ፣ ሌላው ይሄ። ሐውልት ያየ ካለ ይንገረኝ። የዚህ ሙያ ጥሩ ሥራ የሚታወቀው አደጋው ሳይደርስ በመቅረቱ ነው፤ ላልሞተ በሬ ደግሞ ማንም ደረሰኝ አይቆርጥም።

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ገጠር አንድ በሬ ድንገት ሲወድቅ የሚባለው የታወቀ ነው። «ሳይሞት በቢላ እንድረስበት።» ይታረዳል፣ ሥጋው ለመንደሩ ይከፋፈላል። በሬው በአባ ሰንጋ ከሆነ የወደቀው፣ ያ ሥጋ መርዝ ነው። እኔ አንድ ቀን የደረስኩት ገመዱ ተዘጋጅቶ፣ ቢላዋው ተስሎ ነው። በሬው ቀድሟቸው ሞቷል። ከአፍንጫው ጥቁር ደም ይወጣል፣ ደሙ አይረጋም። «እንዳትከፍቱት» አልኩ። አባ ሰንጋ ሬሳው ሲከፈት ወደ አፈሩ ገብቶ ለአሥርታት ይቀመጣል። ያልተከፈተ ሬሳ በጥልቅ ይቀበራል። ባለቤቱ በሬውን አጥቶ ሥጋውንም ሊያጣ ነው። ምን ዓይነት ዓይን እንዳየኝ አልረሳውም። ቀበርነው። ያ መንደር በዚያ ሳምንት ሰው አልታመመበትም። ስለዚህ ማንም የሚያስታውሰው እኔ ሥጋ መከልከሌን ብቻ ነው።

ቄራ ስትሄዱ ደግሞ ነጭ ጋውን ለብሶ ጉበት የሚሰነጥቅ ሰው አለ። የጉበት ትል ይፈልጋል። የመንጋጋ ጡንቻውን፣ ምላሱንና ልቡን ይቆርጣል፤ የኮሶን እጭ ይፈልጋል። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሕዝብ ይሄ ሰው ከማንም በላይ ወዳጅ ነው። ጓሮ የታረደውን በሬ ግን እሱ አያየውም።

ውሻስ? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ብትሉ ስህተት አይሆንም። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው። የአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ለተነከሰ ሰው ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲነጻጸር የውሻ ክትባት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ለውሻው የሚከፍል ማነው?

«ለሴት አይሆንም፣ ጉልበት ይጠይቃል»

ላም 500 ኪሎ ስትመዝን ወንዱም ሴቱም እኩል ደካማ ነው። ከላም ጋር በጉልበት የሚታገል ሐኪም ሆስፒታል ነው የሚያድረው። ሥራው የገመድ አስተሳሰር፣ የክራሽ (ከብቱ ቆሞ የሚያዝበት አጥር) እና የትዕግሥት ነው። ጥጃ አዙሮ ለማውጣት ደግሞ ቀጭን ክንድ ከወፍራም ይመረጣል፤ የኔን ክንድ ያየ ይመስክር።

አሊን ከስት የምትባል አየርላንዳዊት ትምህርቷን ጨርሳ ሳለ በሴትነቷ ብቻ ፈቃድ ተከልክላ ለዓመታት ያለ ፈቃድ አየርላንድ ውስጥ ሠርታለች። እውቅና ያገኘችው በ1922 ነው። ዛሬ በአሜሪካ ከሙያው ተማሪዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ሴቶች ናቸው። እኛ ገና ነን። ሴት ባልደረባዬ ወረዳ ስትመደብ ገበሬው «ዶክተሩ መቼ ይመጣል?» ይላት ነበር። እሷ ላሟን አክማ ጨርሳ እጇን እየታጠበች።

«ሥራ የለውም»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገር።

ድሮ ከቢሾፍቱ የወጣ ሁሉ ቦታው ይጠብቀው ነበር። አሁን ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና ሌሎችም ያስመርቃሉ። ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያለው መደብ ግን እንደ ተመራቂው አላደገም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆመው ቅጥር ነው። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። አንዱ ሞተር ገዝቶ ራይድ ይነዳል።

በሌላ በኩል ደግሞ አገሩ በአፍሪካ በከብት ብዛት አንደኛ ነው፤ ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አለን፣ በግ፣ ፍየልና ግመል ሳይቆጠር። ብዙው ሐኪም አያገኝም። ሥራው ሞልቷል። የጠፋው ለሥራው የሚከፍል ነው። ይኸው ተመለስን ወደ ሽማግሌው።

ስለዚህ ወጣቱ ምን ያደርጋል? መድኃኒት ቤት ይከፍታል። ይህንንም ሰው «አቤት እንዴት ያተርፋሉ!» ይለዋል። የሚሆነው እንዲህ ነው። ገበሬው ይመጣል። «ላሜ ታማለች፣ ቴትራሳይክሊን ስጠኝ።» ላሟን ሳላያት አልሰጥም ብትል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ይሰጠዋል። ብትሄድና ብታያት የሄድክበትን አይከፍልህም። የምትኖረው ጠርሙስ በመሸጥ ነው። ምክር ሸጠህ ኪራይ አትከፍልም። እንደዚህ ሆኖ መድኃኒት ያለ ልክ ይረጫል። ጀርሙም ይለምደዋል።

አንድ ጊዜ እርጎ የምትሸጥ ሴት «ወተቱ ሦስት ቀን ቢቀመጥ አልረጋ አለኝ፣ ውሃ ቀላቅለውበታል» ብላ ከአምራቹ ጋር ተጣልታ አየሁ። ውሃ አልነበረም። ላሟ ለጡት በሽታ አንቲባዮቲክ ተወግታ፣ እንደወትሮው ታልባ፣ ወተቱ ሳይደፋ ተሸጧል። መድኃኒቱ እርጎ የሚሠራውን ባክቴሪያ ገድሎታል። ለልጆች የተሸጠውም ያው ወተት ነው። ከተወጋች ላም ወተት ለቀናት ይደፋል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ዓይነት መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሥጋው ለሳምንታት አይበላም። ይህን የሚነግር ሐኪም ግን ደንበኛ ያጣል።

ታዲያ የት ነው ገንዘቡ? እኔ እስከማየው ድረስ ከብት እንደ ንብረት የሚቆጠርበት ቦታ ነው። የተዳቀለች የወተት ላም ዛሬ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ትጠራለች። ያን ያህል ያወጣ ሰው ሐኪም ይፈልጋል። ቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት የዶሮ እርባታዎች ሐኪም ሳይቀጥሩ አያድሩም፤ ፈንግል ከገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ነው። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ሥጋ ወደ ዓረብ አገር ሲልኩ የሐኪም ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። ያ ፊርማ ቀልድ አይደለም። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲና የመን ሲገባ፣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ ዘጋች። ሶማሌ ክልል ድረስ የአርብቶ አደሩ ኪስ ደረቀ። ገበያን የሚዘጋው በሽታ ነው፣ የሚከፍተው ላቦራቶሪ።

«የውሻና የድመት ሐኪም የሀብታም ጌጥ ነው»

አዲስ አበባ ላይ ይሄ ፊቱን እየቀየረ ነው። ድሮ ውሻ በር ጠባቂ ነበር፤ ከታመመ ሌላ ይመጣል። አሁን ቦሌና ሲኤምሲ ብቻ አይደለም፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድመቷን በካርቶን ይዛ የምትመጣ ልጅ አለች። ክሊኒኮች እየተከፈቱ ነው። እዚህ ደግሞ የሚገርመው፣ ለምርመራ መክፈል እንደ ነውር አይታይም። ገበሬው ለመቶ ሺህ ብር ላም የማይከፍለውን የካርድ ገንዘብ፣ ልጅቷ ለመንገድ ድመት ትከፍላለች። እኔ ራሴ ይሄንን ንቄ ነበር፣ አሁን ተመልሼ ውሻ ማደንዘዝ እየተማርኩ ነው። አህያችን ግን አሁንም ሐኪም እንደ ልብ አያገኝም። በዓለም ብዙ አህያ ያለው አገር እኛው ሆነን ማለት ነው።

«አሜሪካ ከደረስክ አለቀልህ፣ እዚያ የውሻ ሐኪም ሚሊየነር ነው»

ዲሲና ዳላስ ስንት ባልደረባ አለኝ። የትኛውም ስቴት ያለ ፈቃድ በሐኪምነት አያሠራህም። ከኛ የመጣ ዲግሪ እንዳለ አይሠራም። የውጭ ተመራቂ የሚመዘንበትን ኢሲኤፍቪጂ የሚባለውን ወይም መሰሉን መንገድ ማለፍ አለብህ፤ የትምህርት ማስረጃ፣ እንግሊዝኛ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የሦስት ቀን የተግባር ፈተና። ተግባሩ ሰባት ክፍል አለው። ከነሱ አንዱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሴት ውሻ ማሕፀን ማውጣት ይጠብቅሃል። አብዛኞቻችን ስንመረቅ ከውሻ ማሕፀን ይልቅ የላም ሆድ ነው የምናውቀው። ከዚህ ሌላ ናቭሊ የሚባል የፈቃድ ፈተና አለ፣ 360 ጥያቄ። ክፍያው ብቻውን የሚያስጨንቅ ነው። ስለዚህ ብዙው መጀመሪያ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆኖ የውሻ ጎጆ ያጸዳል፣ ማታ ያጠናል። ያለፉ አሉ፣ ኮፍያዬን አነሳላቸዋለሁ። ወደ ላቦራቶሪና ወደ ፒኤችዲ ዞረው የተሳካላቸውም ብዙ ናቸው። ግን «ቪዛ ይዘህ ግባና ክሊኒክ ክፈት» የሚልህ ሰው አያውቀውም።

«እንስሳ ሲያሻሽ የሚውል ሰው ምን ጭንቀት አለበት?»

በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ1979 እስከ 2015 የነበረውን የሞት መዝገብ አይቶ ያወጣው ጥናት አለ። ራስን በማጥፋት የሞቱ ወንድ የእንስሳት ሐኪሞች ከሌላው ሕዝብ 2.1 እጥፍ፣ ሴቶቹ 3.5 እጥፍ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የትምህርት ዕዳ አለ፣ ረጅም ሰዓት አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሊድን የሚችል እንስሳ ባለቤቱ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ እንዲሞት መርዳት አለ።

እኛ ጋ ስለዚህ ማንም አያወራም። ግን ይገባኛል። ጋሪ የሰበራት አህያ አምጥተውልኝ፣ ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጦ «ልጆቼን የምታበላው እሷ ናት» ሲለኝ፣ ማደንዘዣ እንኳ አልነበረኝም። በማግስቱ ሌላ ታካሚ ይመጣል። ሥራ ቦታ ላይ «ደክሞኛል» ማለት ከነውር የሚቆጠርበት አገር ነውና፣ ይሄን የምታነቡ ወጣት ባልደረቦች፣ ከጓደኛ ጋር አውሩ።

«አሁን እኮ ስልክ አለ፣ ፎቶ ልከህ መድኃኒት ማጻፍ ነው»

በቀን ስንት ፎቶ እንደሚላክልኝ አትጠይቁኝ። የላም ዓይን፣ የበግ ጀርባ፣ አንዳንዴ የራሳቸው እግር። የሚረዳበት ጊዜ አለ። የቆዳ እብጠት በሽታ በቪዲዮ ሳይ መንደሩን ቶሎ ለማስጠንቀቅ ችያለሁ። ግን ስልክ ትኩሳት አይለካም፣ የሳንባ ድምፅ አይሰማም።

እውነተኛው ለውጥ ሌላ ቦታ ነው ያየሁት። ሰበታ አቅጣጫ 14 የወተት ላም ያላቸው አንዲት እትዬ አሉ። አምና ሦስት ላም በጡት በሽታ ካጡ በኋላ ጠሩኝና «በወር ሁለቴ እየመጣህ እያቸው፣ ታመሙም አልታመሙ እከፍልሃለሁ» አሉ። መጀመሪያ የሰማሁት ልክ አልመሰለኝም ነበር። አሁን እሄዳለሁ፣ ጡታቸውን አንድ በአንድ እፈትሻለሁ፣ ሰኮና አያለሁ፣ የማዳቀያ ቀን እጽፋለሁ፣ ላሚቱ ምን እንደበላች ከጠባቂው ጋር እከራከራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም አይቼ እጄን ስታጠብ መጡ።

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ምንም እትዬ። ሁሉም ደህና ናቸው።»

«መርፌ የተወጋች የለችም?»

«የለችም።»

መቀነታቸውን ፈተው ብሩን ቆጠሩልኝ።